ሲደክም የሚሞቀው ሳጥን

መኪናዋ ከአስመራ የመጣች ዕለት ነጋዴው በሯን ከፍተው ግቢው ውስጥ ለቆመው ሰው ሁሉ ከፊት ወንበር ትይዩ፣ ከእግር ማሳረፊያው በላይ ያለውን የብረት ሳጥን አሳዩ።

«ይኸ ማቀዝቀዣ ነው። ቆላ ስትወርድ ደጋህን ይዘህ ትወርዳለህ» አሉ።

መኪናዋን የገዟት አገሩን ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ ነው። ፈረንጁ ማለዳ ሞተሩን አስነሥቶ፣ የሳጥኑን ቁልፍ አዙሮ፣ እጃቸውን ከሳጥኑ ፊት አስያዛቸው። ውስጡ ያለው ማራገቢያ እየጮኸ ቀዝቃዛ ነፋስ አወጣ። ከዚያ በኋላ ምን ይጠየቃል? ቁልፉ ላይ የተጻፈውን የፈረንጅ ፊደል ያነበበ አልነበረም። እኔም እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ ነበር፤ የእኔ እንግሊዝኛ ግን ከድመትና ከውሻ አላለፈም።

ባሌ የነጋዴው ሾፌር ነበር። እኔ ከወልድያ በሙሽርነት መጥቼ መቀሌን ገና አልለመድኳትም። የምንኖረው በነጋዴው ግቢ፣ መኪናዋ ከምታድርበት ዳስ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ነው። የባሌ ሥራ መንገድ ነው፤ ሲመለስም በልቶ ይተኛል። ትግርኛ እሰማለሁ፣ ልናገር ስል ግን አፌ ይያዛል። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ «ከመይ ሓዲርኪ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ይሉኛል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን እሱን በሆዴ አስተካክዬ እስክጨርስ ወሬያቸው ሌላ ቦታ ደርሷል። እንስራዬን አዝዬ እመለሳለሁ። አንዳንድ ቀን ባሌ ማታ ሲገባ የምናገረው ቃል የመጀመሪያዬ ስለሚሆን ድምፄ ይሻክር ነበር።

እናቴን ከሠርጌ ወዲህ አላየኋትም። ጉልበቷን ስለሚያማት በበቅሎ መሄድ አትችልም፤ እኔን ደግሞ ማን ይወስደኛል። አንድ ጊዜ እህል ጭኖ በመጣ ሾፌር አፍ «ዓይንሽን አሳዪኝ በላት» ብላ ላከችብኝ። ሾፌሩ መልእክቱን ለባሌ ነግሮት ሄደ፤ ባሌም እራት እየበላ ነገረኝ። መሶቡን አነሣሁ።

ግንቦት ሲገባ የነጋዴው ሚስት ደሴ ያለች እህታቸውን ሊጠይቁ አሰቡ። አደይ ነው የምላቸው፣ እዚህ ታላቅ ሴት እንደ እናት የምትጠራበት ነው። አስጠርተውኝ «ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺም ትመጫለሽ። መንገድ ላይ ትረጂኛለሽ፣ ወልድያ ስንደርስ እናትሽ ዘንድ እንጥልሻለን። ስንመለስ እናነሣሻለን» አሉኝ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ብቻ ከዚያ በኋላ ለእናቴ የሚሆን ነጭ ማር ፈልጌ በጣሳ አስቀመጥኩ።

አደይ ግን ሙቀት አይችሉም። ሰውነታቸው ከባድ ነው፣ ልባቸውም ይመታባቸዋል። የራያን ቆላ በግንቦት ለማለፍ የደፈሩት ሳጥኑን አምነው ነው። «የሚያቀዘቅዝ ከሆነ እሄዳለሁ፤ ካልሆነ እህቴ ትምጣ» አሉ።

ሳጥኑ ደግሞ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቀዝቅዞ ይነፋና መኪናዋ ከከተማው ሳትወጣ ትኩስ ነፋስ መትፋት ይጀምር ነበር።

«ደክሞት ነው» አሉ ነጋዴው። «በቅሎም ሽቅብ ስትወጣ ያልባታል። አሳርፈው።»

ባሌ አሳረፈው። ቢያርፍም ሞቀ። ከዚያ አቧራ ይዞታል ተባለና ካቻቪቴውን ይዞ ከወንበሩ ሥር ገባ፤ እኔ የሚፈታቸውን ብሎኖች በነጠላዬ ጫፍ ተቀበልኩ። ሳጥኑ ሲከፈት ከማራገቢያው ኋላ እንደ ማር እንጀራ የተደራረበ ስስ መዳብ አለ። በላባ ጠረግነው፣ ብዙ አቧራና አንድ የደረቀ ንብ ወጣ። ገጠመው። ሞቀ። በማግስቱ ሽቦዎቹን አዟዟራቸው፤ ማራገቢያው ወደ ኋላ ዞሮ መሳብ ጀመረና የነጠላዬን ጥለት ይዞ ገባ።

«አንቺን ሊበላ ነው እንጂ ሊያቀዘቅዝ አይደለም» አለ ባሌ ነጠላዬን እየጎተተ። በዚያ ሳምንት ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ ብዙ አወራን። ሳጥኑ እንዲበጅ የምጸልየውን ያህል ቶሎ እንዳይበጅም ሳልመኝ አልቀረሁም።

የእርጥብ ጆንያው ሐሳብ የእኔ ነው። እንስራ ላይ እርጥብ ጆንያ ከተጠመጠመበት ውኃው ይቀዘቅዛል፤ ሳጥኑስ ለምን አይቀዘቅዝም? ለባሌ በቀስታ ነገርኩት። ማለዳ ሞተሩ እንደተነሣ እርጥብ ጨርቅ ከሳጥኑ ፊት አሰርንና አደይን ጠራናቸው። እጃቸውን ዘረጉ። «እሰይ፣ የአላጄ ነፋስ ነው» አሉና ሣቁ። ሐሙስ እንድንነሣ ተቆረጠ። ከዚያ በፊት እስከ ቁሓ ሄደን እንድንሞክረው ነጋዴው አዘዙ።

እኔ ጨርቁን እንዳረጥብ ከፊት ተቀመጥኩ፤ እሳቸውና አደይ ከኋላ። መስኮቶቹን ዘጋን፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ። ከሮማናት ሰፈር እንዳለፍን ጨርቁ ለብ አለ። ውኃ ጨመርኩበት። ዳገቱን ስንጀምር ይጨስ ጀመር። መስታወቱ ሁሉ ላብ አወጣ፣ ባሌ መንገዱን በእጁ እየጠረገ ይነዳል። እኔ ውኃ በጨመርኩ ቁጥር እንፋሎቱ ይብሳል።

«እንታይ ኮይኑ?» አሉ ነጋዴው ከኋላ።

«ምንም አልሆነም» አሉ አደይ። «ዶሮ እየተቀቀለች ነው። ዶሮዋ እኔ ነኝ።»

ባሌ መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ። አደይ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና በነጠላቸው ያራግቡ ጀመር። ባሌ ኮፈኑን ከፍቶ ቆመ። እኔ አጠገቡ ሄድኩ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ሲያሞቅ አጠገቡ እቀመጥ ነበር፤ ከቀኑ ውስጥ ከእሱ ጋር የምሆንባት ጊዜ እሷ ናት። ቁልፉን ሳንነካውም ሞተሩ ሲሞቅ ሳጥኑ ጉልበቴን ይለበልበኝ ነበር።

«ሳጥኑ ሳይሠራም ይሞቃል እኮ» አልኩት። «ካልሠራ በምን ይደክማል?»

አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሳጥኑ ኋላ ብረቱን በስተው ወደ ሞተሩ የሚያልፉትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች በጣቱ ተከተላቸው። አንዱን ነካና እጁን መለሰ። ሁለቱም ያቃጥላሉ። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ነጋዴው ዞረ።

«ጌታዬ፣ ይኸ ማቀዝቀዣ አይደለም። የሞተሩ የፈላ ውኃ ነው በዚህ ገብቶ በዚያ የሚወጣ። ለብርድ አገር የተሠራ ማሞቂያ ነው።»

ነጋዴው መኪናዋን ዞሯት። «እጄን አስይዞኝ አልነበረም? ቀዝቃዛ ነበር።»

«ሞተሩ ገና ስላልሞቀ ነው ጌታዬ።»

«አንተስ አብረኸኝ አልነበርክም? ምነው ዝም አልክ?»

«እኔማ በጣም በርዶኝ ነበር።»

አደይ ከድንጋዩ ላይ ሣቃቸው አመለጣቸው። «ለአገሩ ሁሉ ደጋ ገዛሁ ብለው የነገሩት ምድጃ ነው? ምድጃማ ቤቴ ሞልቶኝ የለም እንዴ።»

ባሌ ቱቦውን በሁለት እንጨት አጣብቆ በሽቦ አሰረው። ሳጥኑ መሞቁን ተወ፤ የሚነፋው ግን ያው የውጭውን አየር ነው። አደይ እጃቸውን ዘርግተው «ይኸንንማ መስኮት ይሰጠኛል» አሉ። እዚያው አለቀ። አደይ አይሄዱም። ነጋዴው ደሴ ጉዳይ ስላላቸው ከባሌ ጋር ሁለቱ ይሄዳሉ።

«አንቺ ከእኔ ጋር ቅሪ፣ ጓለይ» አሉኝ አደይ ስንመለስ። «ሰው የሌለበት ቤት አልወድም።» እኔም አልወድም ነበር።

ሐሙስ ማለዳ የማሩን ጣሳ ይዤ ወጣሁ። ባሌ ጎማ እየነካካ ነው፣ ነጋዴው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ጣሳውን ሰጥቼ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ነገር ግን የኋላው በር ክፍት ነበርና ባዶውን ወንበር አየሁት።

«ጌታዬ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። «ጌታዬ፣ ሲመለሱ የአደይ ቦታ ባዶ ነው።»

«እና?»

መሬት መሬት አየሁ። «እናቴ ወልድያ ናት። ጉልበቷን ያማታል።»

ባሌ ቀና አለ። እሱ ይኸን ሊጠይቃቸው እንደማይደፍር አውቃለሁ። ነጋዴው ወደ ሳጥኑ አዩና አፍንጫቸውን አሹ።

«ጉልበቷን ካመማትማ፣» አሉ፣ «ምድጃ አለን።»

እስኪመለሱ ከአደይ ጋር ጥጥ ስፈለቅቅ ዋልኩ። እሳቸው በትግርኛ ያወራሉ፣ እኔ በአማርኛ «እሺ» እላለሁ። መኪና በጮኸ ቁጥር እጄ ይቆማል። አንድ ጊዜ አይተውኝ «ገና ናቸው» አሉ፣ በአማርኛ።

ሲመጡ ነጋዴው ከኋላ፣ እናቴ ከፊት ነበረች። በሩን ከፍቼ እስክትወርድ ጠበቅኩ። አልወረደችም። ጋቢዋን እስከ ጭኗ ሰብስባ ሁለት ጉልበቷን ለሳጥኑ ሰጥታ ተቀምጣለች። ከስታለች። እጄን ያዘችና ከሳጥኑ ፊት አደረገችው።

«እይው እስቲ» አለች። «ሰው ይመስል ይተነፍሳል።»

ከማይጨው ወደ አላጄ ብርድ መውጣት ሲጀምሩ ባሌ መኪናዋን አቁሞ ቱቦውን ያሰረበትን ሽቦ እንደፈታው የነገሩኝ ነጋዴው ናቸው። እሱ አልነገረኝም።

እናቴ ዝናቡ እስኪቃረብ ድረስ ሰነበተች። ቀን ቀን ጉልበቷን በቅባት አሻታለሁ፣ የሰፈሩን ሰው ታነሣልኛለች፤ ማን ሞተ፣ ማን ተዳረች። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ሳለን የጎረቤት ሴት ሰላም አለችኝ። ሳላስበው በትግርኛ መለስኩላት፣ ሳልዘገይ። እናቴ የሌላ ሰው ልጅ እንደምታይ አድርጋ አየችኝ።

«አፍሽ ለመደ» አለች።

«ይኸን ብቻ ነው የማውቀው» አልኳት። እውነቴን ነው። እሷ ግን ከዚያ በኋላ የወልድያውን ወሬ ለእንግዳ እንደሚነገር ከሥሩ እያስረዳች ታወራኝ ጀመር።

«መሬቱ ሳይረጥብ ልግባ፣ ላሟ በሰው እጅ ናት» ብላ በአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ ሄደች። ያ መኪና ሳጥን የለውም። ጉልበቷን በጆንያ ጠቀለልኩላት። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፍቶ ተነሣ፤ የቁሓን ዳገት እስኪያልፍ ድረስ ቆሜ ሰማሁት።

ባሌ አሁንም ማለዳ ሞተሩን ያሞቃል። እኔም ሄጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሁለታችንም ብዙ አናወራም። ሳጥኑ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ይነፋል፣ ነጠላዬን እስከ ጉልበቴ እስባለሁ። ቆይቶ ለብ ይላል። በደንብ ሲሞቅ እሱ የሚሄድበት ሰዓት ደርሷል ማለት ነው፤ ወርጄ በሩን እዘጋለታለሁ።