ሁዳዴን የጾመው ሞተር

አጎቴ በጣልያን ጊዜ ቡሬ ላይ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነበራቸው። ቀድሞ የበቅሎ ነጋዴ ነበሩ። በቅሎዎቻቸውን ሁሉ ሰጥተው ያን ብረት ሲቀበሉ፣ አክስቴ «በቅሎስ ሲደክማት ሣር ትበላለች፤ ይኼ ምን ሊበላ ነው?» ብላ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሞተሩ ተቃጠለ።

የጣልያኑ ምሽግ ሹም ደግሞ ዓይኑን ጥሎበታል። «እስከ ቅዳሜ ተነሥቶ ካልሄደ ለመለዋወጫ ጎትቼ እወስደዋለሁ» አለ። አጎቴ እህል አልወርድ አላቸው። መኪናው ከተወሰደ በቅሎም የለ፣ መኪናም የለ።

ከአስመራ የመጣ መካኒክ ለመኑ። እሱም ሞተሩን በታትኖ፣ በዘንጉ ዙሪያ የቀለጠውን ለስላሳ ብረት መልሶ አቅልጦ በቦታው አፈሰሰና «ያለችን ዘይት ጥቂት ናት። ፒስቶኖቹን ስትከቱ ሞራ ቀቧቸው» ብሎን ሄደ።

ጊዜው ግን ሁዳዴ ነው። አጎቴ ሞራውን በእንጨት ገፋ አደረጉት።

«በዚህ ጾም ሞራ እጄን አይነካውም።»

«የሚበላው ሞተሩ ነው እኮ» አልኋቸው።

«ሞተሩስ የማን ነው? የክርስቲያን አይደለም?»

ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ «ለመሆኑ ከተልባ የሚያሟልጭ ምን አለ?» አሉ። አክስቴ ተልባ ወቅጣ በጠበጠች፤ እኛም ቀብተን ገጠምን። እውነትም ያሟልጫል! አንዱ ፒስቶን ከእጃቸው አምልጦ እግራቸው ላይ ወደቀ። «አየህ?» አሉኝ፣ አውራ ጣታቸውን እያሹ።

ዓርብ መካኒኩ ተመለሰ። ማኖቬላውን፣ ያን ሞተር የሚያዞሩበትን ቆልማማ ብረት፣ ከፊት ሰክቶ ገፋ። ወይ ፍንክች! ሁለት ሆነን ገፋን፤ መኪናው ተወዛወዘ እንጂ ሞተሩ አልዞረም። ተልባው ውስጥ ለውስጥ ደርቆ እንደ ሙጫ ይዞታል።

«አባቴ፣ ምን ቀባችሁት?»

አጎቴ ሰማይ ሰማይ አዩ። የመለሰችው አክስቴ ነች፤ «ተልባ። ጨው ግን አልጨመርንበትም።»

መካኒኩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እንጀራስ አላቀረባችሁለትም?»

«ልጄ፣ ነገ ቅዳሜ ነው» አሉ አጎቴ ዝግ ብለው።

ሳቁን ተወው። የፈላ ውሃ አፍስሰን፣ አለዝበን፣ ፒስቶኖቹን እንደገና አወጣናቸው። መካኒኩ እጁን ወደ ሞራው ሲሰድ አጎቴ ያዙት።

«ተው፣ አንተም ክርስቲያን ነህ። መኪናው የእኔ ነው፤ ኀጢአቱም ለእኔ ይሁን።» እጅጌያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ቀቡት።

ቅዳሜ ሹሙ ቆሞ ሲያይ፣ ሞተሩ ደጋግሞ አስነጠሰና ተነሣ። የጥብስ ሽታ ቡሬን ሞላው! ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው በነጠላው አፍንጫውን ያዘ። ሹሙ ምራቁን ዋጥ አድርጎ፣ ሂዱ ብሎ እጁን አወዛወዘ።

መካኒኩ እየነዳ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንለው ከተማ አቀናን። ከቡሬ ወጣ እንዳልን የአጎቴ የንስሐ አባት መንገድ ዳር ቆመው፣ አየሩን አሽተው፣ መስቀላቸውን አወጡ።

አጎቴ በመስኮት ብቅ ብለው ጮኹ፤ «አባ፣ ይፍቱኝ! ከቆመ አይነሣም፤ ስመለስ እናዘዛለሁ!»