ቧንቧ ሠራተኛው በአራት ነጥብ ፊት

በዚያ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ የእምነት መግለጫው እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል። ከእሱ አንዲት ቃል ያጎደለ ተማሪ መጋቢ መሆንን ይርሳው። ቧንቧ ሠራተኛው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሃያ ዓመት የሰው ቤት ፍሳሽ ሲጠግን ኖሮ በአርባ ዓመቱ ደብተር ይዞ ገባ፤ ልጅ እግሮቹ «ጋሼ ቧንቧ» ሲሉት ስቆ ያልፋል። እንደ ጥርስ ሕመም ሲፈራው የነበረውን የግሪክኛ ግስ እንኳ እንደምንም ተወጥቶታል።

የቀረው የመጨረሻው የቃል ፈተና ነበር። ሦስት መምህራን ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት ሽማግሌ፣ እሳቸው ከተናገሩ ሌላ የሚቀጥል ስለሌለ፣ በተማሪዎች ዘንድ «አራት ነጥብ» ይባላሉ። ፈተናው ለቤተሰብ ክፍት ነውና ሚስቱም ከኋላ ወንበር አለች።

አንድ ሰዓት ሙሉ ላቡ በጀርባው እየወረደ መለሰ። ከዚያ አራት ነጥብ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጇ ሳይጠመቅ የሞተባት እናት፣ ልጄ የት ነው ብትልህ ምን ትላታለህ?»

ክው አለ። ሽማግሌው ይህን ሁሉንም ተማሪ ይጠይቃሉ፤ የእሱን ቤት ጉድ አያውቁም። ሚስቱ ግን ልጃቸውን ሳይጠመቅ በተወለደ በአሥራ አንድ ቀኑ ከቀበሩ ወዲህ ይህንኑ ስትጠይቀው ኖራለች። እሱም «ትምህርቱን ልጨርስና እነግርሻለሁ» እያለ ሁለት ዓመት ሸሽቷታል።

«በሕፃንነታቸው ከሞቱት እግዚአብሔር የመረጣቸው ይድናሉ፤ የመረጣቸውን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው» ሲል እንደ ውሃ የጠጣውን መልስ አንበለበለው።

«ጥሩ» አሉ አራት ነጥብ፣ እስክሪብቷቸውን አንስተው።

ከኋላው ወንበር ተንቋቋ። ዞር ቢል ሚስቱ ቦርሳዋን ይዛ ወደ በሩ እየሄደች ነው።

«መምህር፣ ይቅርታ፣ መልሴን ልቀይር» አለ። «ያ የእምነት መግለጫው ቃል ነው። ለእናትየዋ ግን አላውቅም ነው የምላት። ድሮም አላውቅም ነበር፤ ፈርቼ ነው ዝም ያልኳት። እግዚአብሔር ልጇን ከእኔ አብልጦ እንደሚወደው አምናለሁ። ከዚያ በላይ አፌን ሞልቼ የምነግራት የለኝም።»

«አላውቅም የሚል መጋቢ ለሐዘንተኛ ምን ይፈይዳል?» አሉ አራት ነጥብ።

«የማያውቀውን የሚያወራውስ ምን ይፈይድላታል፣ መምህር?»

ሚስቱ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ባልና ሚስቱ ውጭ እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ኮሪደሩ ላይ ሩብ ሰዓት ቆሙ። ከዚያ የሴሚናሪው ጸሐፊ ወጥታ ወረቀት ሰጠችው፤ የእምነት መግለጫውን አንቀጽ እንደገና አጥንቶ ከስድስት ወር በኋላ ይቅረብ ይላል።

«ስድስት ወር» አለ።

ሚስቱ ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ አጠፈችው።

«ስድስት ወር ምን አላት፤ እኔ ሁለት ዓመት ጠብቄህ የለ» አለችው።