ውሃው ሲመለስ

«አንተ ሄደህ የለ እንዴ? እኔ ስሄድ ነው ባሕሩ የሚከፋው?»

ታናሽ እህቴ ሰላም ይህን ስትለኝ የዓሣ ማጥመጃውን ዘንግ ከቦርሳዋ ጎን እያሰረች ነበር። ቦሌ ካሉት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር ጅቡቲ ወርደው፣ ጀልባ ተከራይተው ሊያጠምዱ ነው። የጠራችው መኪና የካ አባዶ ካለው ኮንዶሚኒየማችን በታች ክላክስ ያደርጋል።

«ዋና አትችይም እኮ!»

«አንተስ ትችል ነበር?»

አልችልም ነበር። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ባሕር በዓይኔ ሳላይ ስለ ባሕር አንድ ደብተር ግጥም ሞልቻለሁ። ጓደኛዬ ዮናስ ቅዳሜ ቅዳሜ ዝዋይ ያጠምድ ስለነበር በጥር ወር አብረን ጅቡቲ ወረድን። ከድሬዳዋ በኋላ ጃኬታችንን አወለቅን፤ ደረቅ ዳቦ በቴምር እየበላን፣ አፋችን አቧራ አቧራ እያለን ደረስን።

ጀልባ ያከራዩን ሽማግሌ አማርኛ ይሞክራሉ። «ልጆች፣ ባሕር ታውቃላችሁ?» አሉን።

«እናውቃለን አባባ» ያልኩት እኔ ነኝ። ዮናስ ዞር ብሎ አየኝ። በዚያ ዕድሜ «አላውቅም» ከማለት መስጠም ይቀላል።

ከውሃው መሀል ብቅ ያለች ነጭ የአሸዋ ጉብታ አገኘን። ዝዋይ ላይ እንደሚደረገው የጀልባዋን አፍንጫ አሸዋው ላይ ሳብ አደረግንና ተውናት። የሐይቅ ዳር ከተውከው ቦታ ይጠብቅሃል፤ መልሕቁን ማን ያስታውሰው! ሁለተኛውን ዓሣ ስንስብ ጮህን፤ ክንፉ ቢጫ ነበር። ዞር ስንል ጫማዎቻችን ተንሳፍፈዋል። ጀልባዋም። ሸሽቶ የነበረው ባሕር እየተመለሰ ነበር፤ ጉብታዋ የምንጣፍ ያህል ቀርታለች።

ቤት ውስጥ ሳወራው ሁልጊዜ ጫማዎቹ ላይ አቆምና እንስቃለን። ሰላም ያደገችው በዚያ እየሳቀች ነው።

«ጫማዎቹ ላይ አላለቀም» አልኳት።

ዮናስ ጀልባዋን ተከትሎ ዋኘ። እኔ ውሃው ከጉልበቴ ወደ ወገቤ ሲወጣ ጭንቅላቱን በዓይኔ ይዤ ቆምኩ። አንድ ጊዜ ጠፋብኝ። ስሙን መጥራት እንኳ ፈራሁ፤ ካልመለሰልኝስ? ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ የጀልባዋን ሞተር ድምፅ ሰማሁ። ዳር ደርሰን ሲወርድ ዮናስ «ሽማግሌውን ብትጠይቃቸው ምን ነበረበት?» አለኝ።

የሰላም እጅ ማሰሪያው ላይ ቆመ።

«ውሃው ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚመለሰው?»

ስለዚያ ውሃ ይህን ሁሉ ዓመት ግጥም ስጽፍ አንድም ቀን ይህን አላጣራሁም።

«አላውቅም» አልኳት። «ባለጀልባዎቹን ጠይቂ። እንዳታፍሪ።»

ክላክሱ ተደገመ። ቦርሳዋን አነገተች።

«ሰላም፣ ትጠይቂያለሽ?»

«አውቃለሁ በቃ፣ አታስብ!» አለች እየሳቀች።

እኔም ሽማግሌውን «እናውቃለን» ያልኳቸው በዚህ ድምፅ ነበር። ይህን ልነግራት ስነሳ በሩ ተዘጋ።