የእናቴ ጓሮ በር ላይ

የቀበናው ቤታችን ፈርሶ እናቴና አባቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ የእናቴ ጓሮ በረንዳ ላይ ወጥቷል። በተቆረጡ ጀሪካኖች ጎመን፣ ቆስጣና ጤና አዳም ተክላለች። ጤና አዳሙ ሲሸተኝ እግሬ ሳይነሳ ቀበና ደርሼ እመለሳለሁ።

አባቴ ሲያስል ቤቱ በሙሉ ጸጥ የሚልለት ሰው ነው። ጓሮ ግን የሴት ነው ብሎ ያምናል። ልጆች ሆነን፣ ለቡናው ጤና አዳም ሲፈልግ እንኳ እናቴ እስክትፈቅድለት አጥሩ ጋ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እኛ ከኋላው አፋችንን ይዘን እንስቃለን።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ወጣት አሠልጣኝ መጣች። ቤት ለቤት እየዞረች ሴቶችን ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ መብታቸው ታስተምራለች። ገና ከመቀመጧ ወደ አባቴ ዞረች።

«አባባ፣ እዚህ ቤት የሚወስነው ማነው?»

«እኔ ነኛ» አለ፣ ጥያቄው ራሱ ገርሞት።

እናቴ ሽንኩርቷን ትልጣለች። ልጅቷ በሐዘኔታ አየቻትና፣ «አይዞዎት እማማ፣ ቀስ በቀስ ይለወጣል» አለቻት።

ከዚያ የቅጠል በሽታ ላሳያችሁ ብላ፣ አባቴን አንድ ቆስጣ ቆርጦ እንዲያመጣላት ለመነችው። ተነስቶ ሄደ። የበረንዳው በር ጋ ሲደርስ ግን ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አስካለ፣ ልግባ?»

እናቴ ቀና እንኳ አላለችም።

«ዛሬ አይሆንም። አሁን ነው ያጠጣሁት።»

አባቴ ተመልሶ ቁጭ አለ።