ሞተሩ ሳይነሳ የታየ ዘይት

ስልኬ የጠራው በአንዲት ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ጎንበስ ብዬ የጽንሱን የልብ ምት በማዳምጥበት ሰዓት ነበር። አላነሳሁትም። ደግሞ ጠራ። እጄን ታጥቤ በረንዳ ስወጣ ሾፌሬ ናቸው።

«ሲስተር፣ ደዶ መንገድ ዳገቱ ላይ ነኝ። መኪናዋ ማርሽ አልቀይርም አለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ አትሄድም። አቁሜያታለሁ።»

«ምን አደረጓት አባባ?»

«ማል ጎና ልጄ፣ ምን ይደረጋል። ምንም አላደረግኳትም» አሉኝ።

«ምን ሆነች?» ማለት ሲገባኝ «ምን አደረጓት?» ነው ያልኩት። ነገሩን ሳልሰማ ጥፋተኛውን አግኝቼ ነበር።

አገሬ ጎጃም ነው። አዋላጅ ነርስ ሆኜ ወደ ጅማ ስመጣ ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬ ሸብቻለሁ። ከቤቴ ከቦሳ ኪቶ እስከ ሥራዬ መመላለሱ ጉልበቴን ሲከብደው፣ ባለቤቴ ከማረፉ በፊት የገዛትን አውቶማቲክ መኪና የሚነዳልኝ ሰው ፈለግሁ። ጎረቤቶቼ እሳቸውን ጠቆሙኝ። ዕድሜያቸውን ከአጋሮና ከሊሙ ቡና በመጫን ያሳለፉ የጅማ ሰው ናቸው። ጠዋት እኔን ያደርሳሉ፣ ቀን ቀን ደዶ ድረስ ሰው ያመላልሳሉ። ያላቸው ሀብት ስማቸው ነበር። «እሳቸው የያዙት መኪና አይጎዳም» ይባልላቸው ነበር።

እኔ መንዳት አልችልም፤ ዘይት ማየት ግን እችላለሁ። አባቴ አገር ቤት የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ «ዘይት የሚታየው በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው» ሲል ነው ያደግሁት። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኪዳን መልስ ነጠላዬን አጣፍቼ ኮፈኑን እከፍታለሁ። የሞተሩንም፣ ማርሽ የሚቀይረውን የካምቢዮውንም ዘይት መለኪያ መዝዤ በነጭ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ መልሼ ከትቼ አያለሁ። ሁለቱም ሁልጊዜ ሙሉ ነበሩ። አንድ ቀን እሳቸው፣ «ሲስተር፣ ከማቆሚያው ፒ ወደ መሄጃው ዲ ሳስገባት ትንሽ ታስባለች። የካምቢዮው ዘይት ጎድሎ ይሆን?» ቢሉኝ «ቅዳሜ አይቼዋለሁ፣ ሙሉ ነው» ብዬ ወሬውን ዘጋሁት።

መኪናዋ ተጎትታ ጅማ ገባች። በማግስቱ ዓርብ ቀትር ሲቃረብ አስፈቅጄ ጋራዥ ስደርስ፣ ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች ሽማግሌውን ከበው ይቀልዱባቸዋል።

«ፋዘር፣ በግራ እግርዎ አውቶማቲክ ላይ የሌለውን ፍሪሲዮን ሲፈልጉ ነው የዋሉት አሉ!»

«ተዋቸው ባክህ፣ ሠላሳ ኩንታል ቡና የጫነች መስሏቸው ነው!»

እሳቸው ሳቁ። «ወላሂ፣ እናንተ ሳትወለዱ እኔ የጌራን ጭቃ ስወጣ ነበር።»

እዚህ ላይ ነው አፌን የከፈትኩት። «ከደዶ ሲመለሱ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ ይለቋታል። ካምቢዮውን ያቃጠሉት እሳቸው ናቸው» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ፎሌ የሚሉት ማርሹን ነፃ አድርጎ ቁልቁለቱን መልቀቅ ነው። የድሮ የጭነት ሾፌሮች ያደርጉታል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ሲያደርጉት ግን አይቼ አላውቅም።

ሳቁ ቆመ። ከባለመኪናዋ አፍ ሲወጣ ቀልድ መሆኑ ቀረ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። ወዲያው የጁምዓ ሰዓት ደረሰና ሾፌሮቹ ተያይዘው ወጡ፤ እሳቸውም ያልኩትን ተሸክመው አብረዋቸው ሄዱ።

ጋራዡ ውስጥ እኔና መካኒኩ ቀረን። እንደኔው ከሌላ አገር የመጣ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ጎልማሳ ነው። የሥራ ጓደኛው ከመውጣቱ በፊት «ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ» ብሎ ነበር። እሱ ግን «ሳላዳምጥ አላወርድም» አለና ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ጠበቀ። ፍሬን ይዞ ማርሹን ከፒ ወደ አር፣ ከአር ወደ ኤን፣ ከኤን ወደ ዲ አንድ በአንድ አስገባ፤ በየመሐሉ ቆም እያለ መኪናዋ ነቅነቅ እስክትል በከንፈሩ ይቆጥራል። ከዚያ ወርዶ ረጅም ካቻቢቴ አነሳና ጫፉን ካምቢዮው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

ትናንት ስልኩ ሲጠራ እኔ እንዲሁ ነበርኩ፤ ጆሮዬን ከማዳመጫው ቀንድ ጋር አጣብቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የማላየውን ሕይወት እየጠበቅሁ። እንዲህ ያለ ጆሮ የተሰጠው ለእኛ ሙያ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ፓምፑ አየር እየሳበ ነው» አለ። «ነይ ሲስተር፣ እዪ።» ሞተሩ እየሠራ መለኪያውን መዝዞ ጠረገ፤ ከተተው፤ መልሶ መዘዘው። ጫፉ ደረቅ ነበር።

«አይሆንም» አልኩ። «እኔ በየሳምንቱ አየዋለሁ።»

«ሞተሩ ጠፍቶ?»

«አዎ፣ ጠፍቶ።»

ሞተሩን አጠፋ። ትንሽ ጠበቅን። እንደገና መዘዘው፤ ሙሉ ነበር! አንድ ዘንግ፣ አንድ ዘይት፣ በደቂቃዎች ልዩነት። አማተብኩ።

«ሲነሳ ዘይቱ ወደ ላይ ይሳብና ሥራ ላይ ይውላል። ማርሹን የሚቀይረው የዘይቱ ግፊት ነው፤ እጅ የለበትም። ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ተመልሶ ታች ይጠራቀማል። አንቺ የምታዪው የተኛውን ነው።» ከዚያ ጠብታውን ነጭ ጨርቄ ላይ አሳርፎ አሸተተ። «ቀይ ነው፣ አልተቃጠለም። ዳገቱን በግድ ላስወጣት ቢሉ ኖሮ ዛሬ ይጠቁር ነበር። ካምቢዮውን ያዳኑት ሽማግሌው ናቸው፤ ወዲያው ስላቆሟት።»

ከስር ገብቶ ሲፈትሽ ዘይቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚወስደውን ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ዘይት እያላበ፣ የደዶ አቧራ ለብሶ አገኘው። የመጋጠሚያውን ጎማ ቀየረ፣ የጎደለውን ሞላ። ወደ ዲ ሲያስገባት ወዲያውኑ እሺ አለች። ቆሜ አየሁ። ማንም በማያየው ጨለማ ውስጥ ዘይት በጠባብ መንገድ ሄዶ፣ የትኛው ማርሽ መቼ እንደሚገባ የሚለይበትን ሥራ ሳስብ ተደነቅሁ። የሰውን እጅ እንዲህ ያስተማረ አምላክ ምን ያህል ጥበብ አለው! እኔ ግን የተኛውን ዘይት አይቼ ሙሉ ነው ስል፣ ሲያጠፋ ያላየሁትን ሰው አቃጠለ ስል ነበር።

ከጁምዓ ሲመለሱ ጋራዡ በር ላይ ጠበቅኋቸው። «አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ሁሉን ነገርኳቸው።

«ካምቢዮው ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! በይ ግቢ፣ ላድርስሽ።» ስለ ፎሌ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ይኸም ከዘይቱ ባላነሰ አስደነቀኝ።

ሾፌሮቹ ግን እኛ ስንወጣ ገና አልተመለሱም ነበር። የሰሙት ክሱን ብቻ ነው። በቀደም አንድ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ለአዲስ አውቶማቲክ መኪናው ሾፌር ሲፈልግ እሳቸውን ጠቆምኩት። «እኚያ ደዶ ላይ ካምቢዮ ያቃጠሉት?» አለኝ። እውነቱን ብነግረውም «አንቺ አዝነሽላቸው ነው» ብሎ ሳቀ።

በዚያ ዓርብ ጋራዡ ውስጥ የነበራችሁ ወንድሞቼ፣ ቃሌን ከአፌ የሰማችሁ እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ልመናዬም ለእናንተ ነው። እኚህ ሰው በተነሱበት ሁሉ፣ በመናኸሪያውም በቡና መጋዘኑም ደጅ፣ እናንተ ከወጣችሁ በኋላ የሆነውን ተናገሩልኝ። ዘይቱ ቀይ ነበር በሉ። ሴትዮዋ ዋሽታ ነበር በሉ።