ጥለቱን ወደ ላይ ያደረግሁበት ቀን

ንጋት፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም

እማዬ ሳትነቃ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ብትነቃ ቁርስ ሳልበላ አታስወጣኝም፤ ቁርስ ልብላ ካልኩ ደግሞ የጠዋቱ ብርሃን ያመልጠኛል። የፋሽን ዲዛይን ተማሪ ነኝ፣ ዘንድሮ ተመራቂ። የመጨረሻው የቤት ሥራችን በእጃችን የሠራነውን ልብስ ለብሰን፣ ሐሳቡን ወደ ሰጠን ቦታ አንድ ቀን መጓዝ ነው። በመንገድ ያየነውን እንጽፋለን፤ በማግስቱ ልብሱን በመምህራን ፊት እናቀርባለን። እኔ ሐሳቡን ያገኘሁት ካዛንቺስ ነው። እዚያ ተወልጄ አደግሁ፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ጎተራ መጣን።

ስለ ልብሱ ልንገራችሁ፤ በሱ ጉዳይ ልኩራ። ረጅም ጥቁር ቀሚስ ነው። ትከሻው ላይ ነጭ የፈትል ጨርቅ ተሰፍቶበታል፤ አንገቱን የሚዞረው ጥለት ደግሞ በመርፌ ክረምቱን ሙሉ የጠለፍኩት ነው። ጥለቱ ላይ ያሉት ቅርጾች የድሮ ግቢያችን በሮች ናቸው። የእትዬ ፋጤ አረንጓዴ በር አለ፣ የኛ ሰማያዊ አለ፣ የጋሽ ታደሰ የዛገ ቆርቆሮም አለ። ሁሉም ሰው ጥለትን ከታች ጫፍ ላይ ያደርገዋል፤ ያን ሁሉ የተለፋበትን ነገር አቧራ ሲጠርግ ሳየው ይቆጨኛል። ስለዚህ እኔ ወደ ላይ፣ ፊት አጠገብ አወጣሁት። ትምህርት ቤት የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ላይ ሲያዩት ጓደኞቼ አጨበጨቡ። ከልብሱ ጋር እንዲሄድ ብዬ ትናንት ጸጉሬን አጭር ተቆረጥኩ።

እማዬ ልብሱን ያየችው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነው። ለነገሩ እማዬ ጎተራ ከመጣን ወዲህ ምንም ነገር ልብ ብላ አታይም። ከቤት አትወጣም፤ የእድሯ ሰዎች በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ሲመሽ የምታነሳው ወሬ አንድ ነው። «እዚህ ብሞት ማን ያለቅሰኛል? ጎረቤቴ ስሜን እንኳ አያውቅ!»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» እላታለሁ።

«አንድ ሰው ለቅሶ አይሆንም፣ ቤዛ» ትለኛለች።

ታክሲ ውስጥ ለረዳቱ ሒሳብ ዘረጋሁለት።

«ተዪው እህቴ።»

«እንዴ! ለምን?»

«ተዪው በቃ። አይዞሽ።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የአዲስ አበባ ረዳት መልስ እንኳ ሳይለመን አይሰጥም! አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። መቼም ጥሩ ልብስ ሰውን ደግ ያደርጋል ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ረፋድ፣ መስቀል ፍላወር

ቁርስ ያልበላሁ ስለሆንኩ አንድ ካፌ ገባሁ። ማኪያቶና ቦምቦሊኖ አዘዝኩ። ውጭ የሆቴል ዘበኞች ደጃቸውን በጎማ ውሃ ያጥባሉ፣ ሌሊቱን ሲጨፍሩ ያደሩ ልጆች መነጽር አድርገው ጁስ ይጠጣሉ። አስተናጋጇ ገና ስታየኝ ሙዚቃውን ቀነሰች። ማኪያቶውን ስታመጣ ከቦምቦሊኖው ጋር ያላዘዝኩትን ሶፍት ጨምራ አስቀመጠችልኝ።

«አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ጠንከር በዪ» አለችኝ።

ፊቴ ያን ያህል ደክሟል እንዴ? ደነገጥኩና ስልኬን አውጥቼ ራሴን አየሁ። ጥለቱ አምሯል፣ ጸጉሬም ምንም አይልም።

ከካፌው አጠገብ የባህል ልብስ የሚያሠሩ አንዲት ሴትዮ ሱቅ አለ። የባለሙያ ዓይን ያስፈልገኛል ብዬ ገባሁ። ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ጥለቱን በጣታቸው ነካ አደረጉና በረጅሙ ተነፈሱ።

«ምን ይደረጋል ልጄ፣ ሁላችንም ወደዚያው ነን።»

እኔ ደግሞ የፋሽኑ አቅጣጫ መስሎኝ ከሱቁ ስወጣ ልቤ ሊፈነዳ ነበር።

እኩለ ቀን፣ ካዛንቺስ



ከወጣን ወዲህ ወደ ካዛንቺስ ተመልሼ አላውቅም። ከታክሲ ወርጄ ወደ ግራ ታጠፍኩ፤ እግሬ መንገዱን ያውቃል ብዬ ነበር። እግሬ ግን ሰፊ የብስክሌት መንገድ ላይ ወስዶ አቆመኝ። አዲስ የመብራት ምሰሶ፣ አዲስ ሣር፣ ንጣፉ የሚያብረቀርቅ የእግረኛ መንገድ፣ ከዚያ ወዲያ ረጅም የቆርቆሮ አጥር። መንገዱ ያምራል፤ አልዋሽም። ግን ዳቦ ቤቱ የት ሄደ? የእትዬ ፋጤ የበርበሬ ሽታ ገና ከሩቅ የሚያስነጥሰኝ ጥግ የት ነው? ወደ ፊት ሄድኩ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ የገዛ ቤቴን ደጃፍ አጣሁት።

በመጨረሻ ያወቅሁት በዛፏ ነው። ደጃችን ላይ የነበረችው ዝግባ ከአጥሩ ውጭ ብቻዋን ቆማለች። ከሥሯ ቆሜ ያንን ባዶ ሳየው ክው አልኩ። መፍረሱን አውቃለሁ፤ ዕቃ ስንጭንም ነበርኩ። እንዲህ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። ዛፏን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ አንድ የማውቀው ሰው አየሁ። ጋሽ ታደሰ! ጋሽ ታደሰ የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ በየመንደሩ እየዞሩ ጥሩንባቸውን ነፍተው የሟቹን ስም የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ልጆች ሆነን ድምፃቸውን ስንሰማ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደበቅ ነበር። አሁን የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ጃኬት ለብሰዋል። እንባዬን ሳልጠርግ እጄን አነሳሁላቸው።

ጋሽ ታደሰ አዩኝ። አዩኝና ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። ጭናቸውን መቱ። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

መሀል መንገዱ በብረት ስለታጠረ ዘልዬ መሻገር አልቻልኩም። በዜብራው ዞሬ ስደርስ ጋሽ ታደሰ የሉም።

«ስልክ ደዋውለው እያለቀሱ ሄዱ» አለኝ ባልደረባቸው።

«ምን ሆነው?»

«እንጃ። ማለቴ፣ ወደ አንቺ እያዩ ነበር።»

እሳቸውም እንደኔ የሰፈሩ ነገር አንገብግቧቸው ነው ብዬ አዘንኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰንጋ ተራ

እትዬ ፋጤ የወሎ ሰው ናቸው። ካዛንቺስ ከኛ ግድግዳ ለግድግዳ ሆነው ቅመም ሲሸጡ ኖረው፣ አሁን ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ልጃቸው ጋ ገብተዋል። አረንጓዴ በራቸውን አንገቴ ላይ ላሳያቸው ቋምጬ ነበር። ደረጃውን ወጥቼ አንኳኳሁ። ዝም። ደግሜ አንኳኳሁ። የጎረቤት በር ተከፈተና ሕፃን ያዘለች ሴት ብቅ አለች።

«የሉም፣ ለቅሶ ሄደዋል።»

«ውይ! የማን?»

«የድሮ ጎረቤታቸው፤ በጣም ይወዷቸው ነበር። እትዬ ሽታዬ የሚሏቸው፣ ጎተራ።»

ሽታዬ እናቴ ናት።

ሴትየዋ ልብሴን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺም ወደዚያው ነሽ መሰለኝ?»

እንዴት ደረጃውን እንደወረድኩ አላስታውስም። ስልኬን አወጣሁ፤ ይጠራል፣ እማዬ አታነሳም። እንደገና ይጠራል፣ አታነሳም። ጠዋት ተኝታ ትቻት ነው የወጣሁት። ፊቷን እንኳ አላየሁም፤ ከጀርባዋ ነበር ያየኋት፣ ብርድ ልብሱ እስከ ጆሮዋ ድረስ። ያገኘሁት ታክሲ ውስጥ ዘልዬ ገባሁና «ጎተራ! ጎተራ!» እያልኩ ጮህኩ።

ሹፌሩ ሽማግሌ ናቸው። በመስታወት አዩኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ማን ናቸው?»

«እናቴ። አሁን ነው የሰማሁት።»

«አሁን?» ግራ ገባቸው። «ታዲያ ጥቁሩን ለብሰሽ፣ ጥለቱን ዘቅዝቀሽ…»

ወደ አንገቴ አጎንብሼ አየሁ። ጥቁር ቀሚስ። አጭር የተቆረጠ ጸጉር። ነጭ ፈትል፣ ጥለቱ ወደ ላይ። ሐዘንተኛ ሴት ነጠላዋን የምትለብሰው እንዲሁ አይደለም እንዴ? ይህንን የማያውቅ ሰው አገራችን ውስጥ አለ? ረዳቱ፣ የካፌዋ ልጅ፣ የሱቋ ሴትዮ… ሁሉም ሲያስተዛዝነኝ ነው የዋለው! አሻንጉሊት ላይ ሲሆን ፋሽን፣ እኔ ላይ ሲሆን ለቅሶ። እማዬ አልጋዋ ላይ እያለች የሞቷን ልብስ ለብሼ ከቤት ወጣሁ። አሟረትኩባት! እስከ ጎተራ ድረስ በአእምሮዬ ውስጥ የነበረው ይህ ቃል ብቻ ነው።

አመሻሽ፣ ጎተራ

ለቅሶው ከምድር ቤት ይሰማል። ደረጃው በጫማ ተሞልቷል። ወደ ላይ እየሮጥኩ ሳለ ከጩኸቱ ሁሉ በላይ አንድ ድምፅ ለየሁ።

«ልጄን! ቤዛዬን! ልጄን ምን አደረጋችኋት?»

የእማዬ ድምፅ ነው። የሞተችው እናቴ እኔን ታለቅሳለች። የመጨረሻውን ደረጃ በእጄ ዳህኩት።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማዬ መሀል ወለሉ ላይ ቆማ ጸጉሯን ትነጫለች። ዙሪያዋን ነጠላ የዘቀዘቁ የካዛንቺስ ሴቶች ይዘዋታል። አየችኝ። አየኋት። እሷም ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ፤ ወለሉ ላይ ተቃቅፈን ወደቅን። በሕይወት መኖሯን ለማረጋገጥ ጉንጯን፣ ጆሮዋን፣ ጣቷን ነካካሁ። ሞቃት ናት።

የሆነው ይህ ነው። ሴቶቹ እማዬን ሊያለቅሱ እየጮሁ መጡ። በሩን የከፈተችላቸው ራሷ እማዬ! እትዬ ፋጤ ደጃፉ ላይ ዘጭ አሉ። እማዬ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው እያለቀሰ ሲመጣ አልጋዬን አየች፤ የለሁም። ልጄ ሞታ ሊያረዱኝ መጡ አለች። አንድም ሰው አይደለም ብሎ ሊያሳምናት አልቻለም። ስልኳ ነጠላ ክምር ሥር ተቀብሮ ይጮኻል።

ሁሉም በስልክ ወዳረዷቸው ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉ ጋሽ ታደሰ ላባቸውን እየጠረጉ። «ጥቁር ለብሳ፣ ጥለት ዘቅዝቃ፣ ጸጉሯን ተቆርጣ፣ ቤታቸው ደጃፍ ቆማ ስታነባ አየሁ። አባት ቀድሞ የለ፤ ሌላ ማን ሊሆን ነው? የኔ ሥራ መናገር ነው፣ ተናገርኩ!»

እማዬ ያን ጊዜ ልብሴን አየችው። ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ፋሽን ነው፣ እማዬ።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ፋጤ ናቸው። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ሴቶቹ እየሳቁ ነጠላቸውን መለሱ። ለሐዘንተኛ የመጣው ንፍሮ በየእጃችን ታደለ። እማዬም ከሰው ሁሉ በላይ በላች። «የቁም ተዝካሬ ነው፤ ብሉ እንጂ!» እያለች ትዞራለች። ይህን ያህል ሰው ጎተራ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። በየመሀሉ ቆም ትልና አንድ በአንድ ታያቸዋለች፤ ዓይኗ እንባ ያቀራል።

እኔ መቀስ ፈለግሁ። ነገ ማቅረቤ ነው፤ ጥለቱን ተርትሬ ወደ ታች ማውረድ አለብኝ። ጫፉን መተርተር ስጀምር እትዬ ፋጤ እጄን ያዙኝ። ዓይናቸውን ወደ ጥለቱ አስጠጉ።

«ይቺ አረንጓዴ… የኔ በር አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

ሴቶቹ ከበቡኝ። አንገቴ ላይ በራቸውን እየፈለጉ፣ እየነኩ፣ ስም እየጠሩ ቆዩ። ሳቁ ቀረ።

«አላህ ያውቃል፣ ለዚያ ሰፈር ለቅሶ አልተቀመጥንም» አሉ እትዬ ፋጤ። «ሁላችንም ዕቃችንን ጭነን ሄድን። ነጠላዋን የዘቀዘቀችለት ይቺ ልጅ ብቻ ናት። እንዳትነኪው። እንዲሁ ይሁን።»

መቀሱን አስቀመጥኩ። ነገ እንዳለ ላቀርበው ነው።

እማዬ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ልትወጣ ነው፤ ነገ ትምህርት ቤት ትመጣለች። ብቻዋን ግን አይደለም።

«ታደሰ፣ ላልመጡትም ደውልላቸው» አለች። «ነገ ሁሉም እዚያ ይገኙ።»

ጋሽ ታደሰ ስልካቸውን አወጡ፤ ትንሽ አመነቱ።

«የኔን ድምፅ ሲሰሙ ማን ሞተ ነው የሚሉኝ። ምን ልበላቸው?»

«ሽታዬ አለች በላቸው።»