እየጠፋ ያስቸገረኝ ቡታጋዝ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ መምህር ሆኜ ቁይ የምትባል ትንሽ ከተማ ስመደብ፣ ከደብረ ማርቆስ ይዤ የሄድኩት አንድ ፍራሽ፣ አንድ ካርቶን መጽሐፍና በላምባ የሚነድ ባለ ክር ቡታጋዝ ነበር። የተከራየኋት ክፍል የአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ነበረች። ባላቸው ቄስ ነበሩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጅም አልነበራቸውም። በሁለታችን በር መካከል አሥር እርምጃ ቢኖር ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ግን ከ«እንደምን አደሩ» ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም።

ወንድ መምህር ወጥ ሲሠራ ቢያዩ ተማሪዎቼ መሳቂያ ያደርጉኛል ብዬ ስለምሰጋ በሬን ዘግቼ ነበር የማበስለው። ኅዳር ላይ ቡታጋዙ ይጠፋብኝ ጀመር። መጀመሪያ ደህና ሰማያዊ ነበልባል ይሰጣል፤ ሽሮው ሊንተከተክ ሲል እሳቱ ይቀላል፣ ያንሳል፣ ጭል ጭል ብሎ ድርግም ይላል። ክሩን በመቀስ አስተካከልኩ። ላምባው ውሃ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ደፍቼ ሌላ ሞላሁ። ነፋስ ነው ብዬ የመስኮቱን ሽንቁር በጨርቅ ወተፍኩ። ያው ነው። ስንት ቀን ቆሎ ቆርጥሜ ተኛሁ። ከራቡ ይልቅ የከበደኝ «ቡታጋዜ እኮ ተበላሸ» ብዬ የማወራው ሰው ማጣቴ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የክሩ ሽታ አስደንግጧቸው ኖሮ ባልቴቷ በሬን አንኳኩ።

«መምህር፣ ደህና ነህ? ምን እየነደደ ነው?»

እያፈርኩ ነገርኳቸው። ገብተው ዱካዬ ላይ ቁጭ አሉና ምድጃውን ትክ ብለው አዩት።

«እኔ የማውቀው እንጨትና ኩበት ነው። ላምባው የት ነው ያለው?»

የላምባውን ቋት አሳየኋቸው።

«እስቲ ክፈተው።»

ክዳኑን ሳላላው አየር ወደ ውስጥ ስቦ ፉስ አለ። ስንት ጊዜ ስከፍተው ልብ ብዬ አልሰማሁትም ነበር።

«አዬ! ታፍኖ ነዋ» አሉ። «ጠላ እንኳ ከእንስራ ሲቀዳ አየር ካልገባበት አይወርድም። መተንፈሻ የለውም እንዴ?»

ክዳኑን ወደ ብርሃን አዞርኩት። የመርፌ ጫፍ የምታስገባ ቀዳዳ ነበረችው። ሻማ የማቆመው ከበላዩ ባለው መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ስለነበር ሰሙ ተንጠባጥቦ ደፍኗታል። ከቀሚሳቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅለው ሰጡኝና ከፈትኳት።

ሽሮው ተንተከተከ፤ አብረን በላን። «ጨው ረስተሃል» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን፣ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። እኔ ይኸው ስድስት ዓመቴ» አሉ። ሌላ እንጀራ ዘረጋሁላቸው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እየመጡ ይበሉ ነበር። ብዙም አናወራም። ፋሲካ እንዳለፈ ዲማ ገዳም ሄደው ሊመነኩሱ መቁረጣቸውን ነገሩኝ።

«አንተን ደግሞ ብቻህን ልተውህ ነው» አሉኝ፣ ጥፋተኛ እንደሆነ ሰው አንገታቸውን ደፍተው።

«ምን ችግር አለ? መጥቼ እጠይቅዎታለሁ» አልኩ።

አንድ ማለዳ ትንሽ ቋጠሮ ይዘው ወጡ። ግቢውን የባላቸው ወንድም ተረከበና ከብት አሰረበት። ቡታጋዙ ደህና ይነድ ነበር፤ እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ሰው ሠርቼ ግማሹን እደፋ ነበር። ወደ ዲማ በእግር የሚሄዱ ሰዎች በደጄ ሲያልፉ አያለሁ። ፈተና አርሜ ልጨርስ፣ ዝናቡ ያባራ ስል ክረምቱ አለፈ፤ ዝውውሬም ደረሰ። ሳልጠይቃቸው ወጣሁ።